አይጥ የሌለበት ጎተራ

ባለፈው እሑድ ጠዋት እዚህ ደብረ ብርሃን በሰፈራችን መንገድ ላይ ድምፅ ማጉያ የጫነች ፒክአፕ እየዞረች፣ ናዳ ቤታቸውን ለወሰደባቸውና አሁን ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ተጠልለው ላሉ ቤተሰቦች ልብስ እንድናዋጣ ስትለምን፣ እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ሳጥኔን ከፈትኩ። ከላይ የነበሩትን ነጠላዎችና የልጆቼን አሮጌ ሹራቦች እያነሳሁ ወደ ታች ስወርድ እጄ አንድ ሻካራ ነገር ነካ፤ ገና ሳላወጣው ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። የመንዝ ባና ነው፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ ብርድ ልብስ። ባና ብዙ ዓመት ናፍታሊን ውስጥ ቢቀመጥም በጉን አይረሳም፤ ትንሽ እርጥበት ካገኘ ዝናብ የመታው በግ፣ የኩበት ጭስና የከረመ ቅቤ አንድ ላይ ይሸታል። ሌላ ሰው ቢሆን መስኮት ይከፍት ነበር። እኔ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ፊቴን ባናው ውስጥ ቀበርኩና ስድሳ ዓመት ያለፈኝ ጡረተኛ አስተማሪ መሆኔን ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት።

ይህን ባና የሠሩልኝ ጋሼ ግዛቸው የሚባሉ ሰው ናቸው። ስለ እሳቸው ለመናገር ግን መጀመሪያ ስለ አይጦቹ መናገር አለብኝ፤ አይጦቹ ደግሞ አልነበሩም።

ያደግሁት ከዘመሮ ገበያ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንገድ ርቆ፣ ቤቶቹ በድንጋይ ተክበው በጓሳ ሣር የተከደኑበት ትንሽ መንደር ውስጥ ነው። ከደጃችን ቆሞ ለሚያይ ፊት ለፊት ገደል፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ፣ ከወንዙ ባሻገር ደግሞ ልክ የእኛኑ የመሰለ ሌላ መንደር ይታያል። ያንን መንደር እኛ «ማዶ» እንለዋለን፤ እነሱም እኛን «ማዶ» ይሉናል፤ ሁለታችንም ትክክል ነበርን። ለሠርግና ለቀብር እንሻገራለን፤ በተረፈው ጊዜ የማን ጠላ ይበልጣል፣ የማን በግ ይሰባል እየተባባልን ስንጎነታተል እንኖራለን። አየሩ ጥርት ባለ ቀን እነሱ ውሻ ሲቆጡ ይሰማን ነበር፤ የእኛ ውሾች ደንግጠው ሲቀመጡም አይቻለሁ።

የጋሼ ግዛቸው ልጅ የሺ በትምህርት ቤት የዴስኬ ተጋሪ ነበረች። ትምህርት ቤቱ በእኛ በኩል ስለነበር ጠዋት ጠዋት ወንዙን ተሻግራ ያንን ሁሉ ዳገት ትወጣለች፤ እኔም ከደጃችን ቆሜ ቀይ ሹራቧ መጀመሪያ ነጥብ፣ ቀጥሎ ሰው፣ በመጨረሻም የሺ እስኪሆን እጠብቃለሁ። ኪሷ ከባቄላ ቆሎ ተለይቶ አያውቅም። ሒሳብ እኔ ከእሷ እገለብጣለሁ፣ ንባብ ሲመጣ እሷ በእኔ ሹክሹክታ ታነባለች፣ መምህሩ ጀርባውን ሲሰጥ ደግሞ ቆሎው በዴስኩ ሥር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ባቄላ ቆሎ ድምፅ ሳያሰሙ መብላት ትልቅ ትምህርት ነው፤ እኔና የሺ ከአራተኛ ክፍል በፊት ተመርቀንበት ነበር።

አራተኛ ክፍል በነበርንበት ዓመት፣ ገብሱ ሊታጨድ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና በረዶ ወረደ። የወረደው ግን ማዶ ላይ ብቻ ነው። እኛ በየደጃችን ቆመን፣ ፀሐይ እየሞቀን፣ የጎረቤቶቻችን እርሻ ነጭ ሲሆን አየን። በረዶው ገደሉን ሳይሻገር አባራ፤ በእኛ በኩል የመንገዱ አቧራ እንኳ አልረጠበም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች፤ አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። በማግሥቱ ሊያጽናኑ የሄዱ ሰዎች ገብሱ ከጭቃ ጋር ተለውሶ እንደተኛ፣ ዛላውም አገዳው ላይ እንዳልቀረ ሲነግሩን፣ ምን እንዳጠፋን ባናውቅም መንደሩ ሁሉ አፈረ። የእኛ ገብስ ቀጥ ብሎ ቆሞ በነፋስ ሲወዛወዝ ማየት ራሱ ያሳፍር ነበር።

ወጣቶቻችን ቶሎ ብለው ሁለት አህያ የከረመ ገብስ ጫኑና በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያያቸው፣ ጋሼ ግዛቸው ቤት ወሰዱ። በረዶው ከሁሉ አብልጦ የመታው የእሳቸውን ማሳ ነበር፤ ቤታቸው ውስጥ ደግሞ ሰባት አፍ አለ። ጋሼ ግዛቸው ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ቀን አራሽ ማታ ባና ሠሪ፣ ቃላቸውም እንደ ሸማኔ ክር የተለካ ሰው ነበሩ። ልጆቹን በክብር ተቀበሉ፤ ካለቻቸው ጠላ ቀዱላቸው፤ አህዮቹን ውኃ አጠጡ። ከዚያ ጭነቱን በገዛ እጃቸው መልሰው አህዮቹ ላይ አሰሩና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእኔ እጅ ገና ይሠራል፤ እጁ ለማይሠራው ስጡት» ብለው ሸኟቸው። ወጣቶቹ ዳገቱን ሲወጡ ከአህዮቹ ይልቅ እነሱ የተጫኑ ይመስሉ ነበር።

በዚያው ሳምንት የሺ ቆሎ ሳታወጣ ዴስኳ ላይ ተደግፋ፣ ኅዳር ጽዮን ካለፈ በኋላ አባቷ ቤቱን ዘግተው ሁሉንም ይዘው ወደ ቆላ ለአጨዳ ሥራ ሊወርዱ መሆኑን ነገረችኝ። መቼ ትመለሳላችሁ ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች። ከእኛ አገር ቤቱን ዘግቶ የወረደ ሰው ብዙ ጊዜ እንደወረደ እንደሚቀር ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ያን ቀን ቤት ስገባ ለአገሩ ረሃብ አይደለም ያለቀስኩት፤ እውነቱን ለመናገር ያለቀስኩት ለቀይ ሹራቧ ነው፤ ጠዋት ከደጃችን ቆሜ ምን ልጠብቅ ነው እያልኩ።

እናቴ እንዲህ ዓይነት ለቅሶ አትወድም ነበር። እትዬ አስካለ ይሏታል፤ አጭር፣ ፈጣን፣ የመንደሩን ማኅበር ከነቄሱ የምትመራ ሴት ነበረች። የወጣቶቹን ነገር ስነግራት ጭራሽ ተቆጣች። «ታዲያ ምን ይበሉ? በቀትር ጭኖ፣ አገር እያየ! ይኼ መስጠት ነው? ይኼ ሰውን በሕይወቱ ተዝካሩን ማብላት ነው» አለችና እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ልጥ እንዳመጣላት ላከችኝ። ልጡ የስልቻ አፍ ማሰሪያ ነበር።

በእኛ አገር ስጦታ የማይቀበል ሰው ሞልቷል፤ አደራ አልቀበልም የሚል ሰው ግን የለም፤ ነውር ነው። ሰው መንገድ ሲሄድ፣ ቤቱ ሲፈርስ፣ ሐዘን ሲደርስበት እህሉን ጎረቤት ዘንድ ያስቀምጣል። አደራ ተቀባዩ ቸግሮት ከአደራው ቢቀምስ ማንም ሌባ አይለውም፤ ሲደላው ይተካል፤ ካልደላው ደግሞ ባለቤቱ መጠየቁን ይረሳል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገረውም። እናቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ቤታችን ሲሰበሰብ ያለችው ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ማዶ ካለ አንድ ቤት ገብሱን በአደራ ያስቀምጥ፤ ምክንያቱን ግን ሁሉም የየራሱን ይፈልግ። አንዱ ጎተራዬ ዘመመ ይበል፤ ሌላው ጣሪያዬ አፈሰሰ ይበል። የእኔ አይጥ ነው አለች።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ስህተቱ የተፈጸመው። የአገሬ ሰው በእርሻ እንጂ በውሸት ልምድ የለውም። ሁሉም ከቤቱ ሲወጣ የራሱን ምክንያት ይዞ ይወጣል፤ ወንዙን ሲሻገር ትንሽ ይጠፋበታል፤ የሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች» ሲል ደግሞ ከእናቴ አይጥ በስተቀር ትዝ የሚለው ነገር የለም። ጣሪያዬ አፈሰሰ ሊል የሄደው ጎረቤታችን እንኳ፣ ዝናብ ካቆመ ሦስት ሳምንት መሆኑ ድንገት ታውሶት፣ ባፈሰሰው ቀዳዳ አይጥ ገባ ብሎ ጨረሰው። ቄሳችን ደግሞ «ውሸት ኃጢአት ነው» ብለው አመንትተው ነበር። እናቴ «አባ፣ በዓለም ላይ አይጥ የለም?» አለቻቸው። ጥቂት አሰቡና «አለ» ብለው ገብሳቸውን ጫኑ።

ጋሼ ግዛቸው ቤት ከእናቴ ጋር የሄድኩት እኔ ነኝ። እናቴ ደጃፉ ላይ ሆና ስለ አይጦቹ ብዛት፣ ስለ ጥርሳቸው፣ የአባቴን ጫማ እንዴት እንደበሉ ስትተርክ እኔ ራሴ ፈርቼ እግሬን ሰበሰብኩ። ጋሼ ግዛቸው ገደሉን አሻግረው ወደ እኛ መንደር ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«አይጥ?» አሉ።

«አይጥ» አለች እናቴ።

«አደራ ከሆነ እሺ» አሉና ስልቻውን ራሳቸው አወረዱ። በዚያ ሳምንት የዘጠኝ ቤት ገብስ ወንዙን ተሻገረ። ዘመሮ ገበያ ላይ የእኛ መንደር በአይጥ ተወረረ ተብሎ ተወራ፤ ገብሳችንን የሚገዙ ሰዎች እያገላበጡ ያሸቱት ጀመር፤ የጎረቤታችንን ልጅ ለማጨት ሽማግሌ ሊልኩ የነበሩ ሰዎች እንኳ ነገሩ እስኪጣራ ብለው ቆዩ። መንደራችን ይህን ሁሉ ውርደት በደስታ ተሸከመው።

እኔ ግን አበላሸሁት። እናቴ ምላሴን እንድይዝ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ ምላሴን ይዤም ነበር። ሰኞ ዕለት ግን የሺ ቆሎዋን በዴስኩ ሥር እያቀበለችኝ፣ ከልቧ አዝና፣ «አይጦቹ እንዴት ሆኑላችሁ? እናቴ እኮ በየቀኑ ስለ እናንተ አይጥ ትጸልያለች» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። «የምን አይጥ?» አልኳት።

የሺ እጇን መለሰች። ቆሎውን አንድ በአንድ ኪሷ ውስጥ ጨመረችና እስከ ደወል ድረስ ጥቁር ሰሌዳውን ብቻ ስታይ ዋለች። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት የገባኝ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች እስከ ዛሬ ያስጨንቁኛል። የሺ ማክሰኞም ረቡዕም አልመጣችም። እኔ ጠዋትም ማታም ከደጃችን ቆሜ፣ ገብሳችንን የተጫኑ አህዮች ዳገቱን ተመልሰው ሲወጡ ለማየት ስጠብቅ ሰነበትኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለማርያም ጧፍ ተሳልኩ፤ ጧፉ በቂ ስላልመሰለኝ ሁለት አደረግሁት፤ ሐሙስ ቀን አራት ደረሰ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቀይ ነጥብ አየሁ። ከቀይዋ ነጥብ ፊት ጋሼ ግዛቸው ነበሩ፤ አህያ የለም፤ ትከሻቸው ላይ ግን ጆንያ አለ። ቀረብ ሲሉ ጆንያው እንደሚንቀሳቀስ አየሁ፤ ይበልጥ ሲቀርቡ እንደሚጮህም ሰማሁ። ሰዉ ከየቤቱ ወጣ፤ ቄሱም ዳዊታቸውን እንደያዙ መጡ። ጋሼ ግዛቸው ጆንያውን እናቴ እግር ሥር አስቀምጠው፣ የሰዉን ጤና፣ የከብቱን ጤና፣ የበጎቹን ጤና፣ እንደ ደንቡ አንድም ሳይዘልሉ ጠየቁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማዶ ሆነን ችግራችሁን ስንሰማ ዝም ማለት አልቻልንም» አሉ። «ጎረቤት በአይጥ ሲያልቅ እጅን አጣጥፎ ማየት ደግ አይደለም። በየቤቱ ዞረን ያለንን አሰባስበናል፤ ያለን ይኸው ነው።» አሉና የጆንያውን አፍ ፈቱት።

ዘጠኝ ድመት ወጣ። ግራጫ፣ ቡራቡሬ፣ አንድ ዓይና፤ ማዶ የነበረ ድመት ሁሉ መጥቷል ማለት ይቻላል። ከጆንያው ጨለማ ወደ ብርሃን ሲወጡ ያበዱ ያህል ተበተኑ፤ አንዷ የእኛን ጓሮ አልፋ ጣሪያ ላይ ወጣች፤ አንዱ በቄሱ ካባ ላይ ተንጠላጥሎ ጥምጥማቸው ላይ ደረሰ፤ ቄሱም ዳዊታቸውን ሳይጥሉ ቆሙ። ሰዉ ሳቁን ሊይዝ ሲታገል ጋሼ ግዛቸው ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

«ልጆች አይጥ የለም ይላሉ አሉ» አሉ። እናቴ አየችኝ፤ ያን አስተያየቷን አልረሳውም። «ልጅ ምን ያውቃል?» ብለው ቀጠሉ። «አይጡን የሚያውቀው ባለ ጎተራው ነው።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ትሳቅ ታልቅስ ግን ከዓይኗ መለየት አልቻልኩም። ጎንበስ ብላ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጋሼ ግዛቸው፤ ከትልቅ ጭንቅ ነው ያወጡን» አለቻቸው። የሺ ከአባቷ ጀርባ ሆና ምላሷን አወጣችልኝና ኪሷን መታ መታ አደረገች፤ ቆሎ ነበረው።

ድመቶቹ መንደራችንን ፈጁት። የሚያድኑት አይጥ ስለሌለ አይቡን፣ ቅቤውን፣ የዶሮውን ጫጩት አንድ በአንድ ተያያዙት፤ የቄሱም ቋንጣ ከነገመዱ ጠፋ። ነገር ግን ስጦታ ናቸውና ማንም ኡፍ አላለባቸውም፤ የማዶ ሰው ሲመጣ ሁሉም የየድርሻውን ድመት ራስ እየዳበሰ ምን ያህል እንደጠቀመው ያወራ ነበር። ጋሼ ግዛቸው ቤታቸውን አልዘጉም። የሺም ዳገቱን መውጣቷን ቀጠለች።

በቀጣዩ ዓመት ማዶ እንደ ደንቡ አጭዶ ከወቃ በኋላ ጋሼ ግዛቸው እናቴ ዘንድ መጡና ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «እትዬ አስካለ፣ አደራሽን በሚመለከት አሳዛኝ ነገር አለ። አይጥ በላው። ሰባት ነበሩ፤ ትልቁ ፊትሽ ቆሟል» አሏት። እናቴ አዝና ራሷን ነቀነቀችና «አይጥ ከበላውማ ምን ይደረጋል፤ ድመት ልላክልዎት?» አለች። ጋሼ ግዛቸው ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ደብረ ብርሃን ስወጣ ደግሞ ይህን ባና ጠቅልለው አመጡልኝ። ክረምቱን ሙሉ የሠሩት፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ጠጉሩ ገና ትኩስ የነበረ ባና ነው። ስጦታ ነው አላሉኝም። ቤታችን ብል ገብቷልና እዚያ ወስደሽ አስቀምጪልኝ አሉኝ። እኔም አደራ ከሆነ እሺ ብዬ ተቀበልኩ፤ ያን ዕለት ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

የሺ አድጋ ወደ መርሐቤቴ ተዳረች፤ ዓለም ከተማ ገበያ ላይ እህል ትነግድ ነበር። አንድ ጊዜ በዚያ ነፍስ በሚያወጣ መንገድ አውቶቡስ ተሳፍሬ ልጠይቃት ሄጄ፣ ያቺን ሰኞ አነሣን። ለካ በዚያው ቀን ለአባቷ ነግራቸዋለች። ከአደራው በፊት ለመንገድ የተጠቀለለው ዕቃ ገና አልተፈታም፣ አህያም ከጎረቤት ተለምኖ ነበር አለችኝ። አባቷ ሰምተው ሁለት ቀን ባናቸውን ሲሠሩ ቆዩ፤ በሦስተኛው ቀን ራት ላይ ቀና አሉና «ለመሆኑ በዚህ አካባቢ ስንት ድመት አለ?» አሉ። የሺ ይህን እየነገረችኝ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ጋሼ ግዛቸውም እናቴም ከእሷ ብዙ ቀድመው ሄደዋል። ያንን ታሪክ ከውስጡ ሆኖ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት፤ ይህ ደግሞ ከማንኛውም ብርድ ይበርዳል።

እንግዲህ ባናውን ታቅፌ ወጣሁ። ፒክአፗ አደባባዩ ላይ ቆማለች፤ ወጣቱ በድምፅ ማጉያው የሰጪዎችን ስም ይጠራል፤ ሰዉ ብርድ ልብሱን ደረቱ ላይ ይዞ ፎቶ ይነሣል። ልቀልድባቸው አልፈልግም፤ ደግ ልጆች ናቸው፣ የእኛ ዘጠኝ ስልቻ የማይደርስበት ይደርሳሉ። ግን ባናውን ወደ መኪናዋ ልወረውር እጄን ሳነሣ እጄ እምቢ አለኝ፤ ወጣቶቻችን በቀትር የነዷቸው ሁለቱ አህዮች ትዝ አሉኝ። ሹራቦቹን ሰጠሁና ባናውን ይዤ በእግሬ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ።

አዳራሹ ውስጥ፣ ከተደራረቡት ዴስኮች አጠገብ፣ ልጇን ጭኗ ላይ ያስተኛች ሴት ተቀምጣለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሰላምታ ሰጥቻት ጎንበስ አልኩና፣ «ልጄ፣ ቤቴ ብል ገብቶ አስቸገረኝ፤ እባክሽ ይህን ባና አስቀምጪልኝ» አልኳት።

ባናውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። አገላበጠችው። አንድም ቀዳዳ የለበትም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም እንደዚያች ቅዳሜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ፤ ምን ትለኝ ይሆን፣ እንደ አህዮቹ ጭነት ትመልስልኝ ይሆን እያልኩ።

«አደራ ከሆነ እሺ» አለችኝ። «ስምዎን ግን ይንገሩኝ፤ የማን አደራ እንደያዝኩ ልወቅ።»

ነገርኳት፤ የእሷንም ጠየቅኋት። ባናውን በልጇ ላይ ዘርግታ ጠርዙን ከእግሩ ሥር ሸጎጠችው። የፊታችን እሑድ አደራዬን ለማየት ተመልሼ እሄዳለሁ። ባዶ እጄን አልሄድም፤ ትንሽ ጤፍ እይዛለሁ፤ ቤቴ አይጥ ገብቶብኛል።